የልጄ መንጋጋ እና የመቶ በመቶ ሰሌዳዎ

ለክቡር አቶ ኖርማን ሃቨርሊ
የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ክትትል ኃላፊ
ኦሃዮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ በተለይም ለጥርስዎና ለመንጋጋዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ የዳፍኒ እናት፣ ሎሬታ ቫንዳይክ ነኝ። ልጄ ዘጠኝ ቀን ያለፈቃድ ስለቀረች ፍርድ ቤት እንደሚያቆሙኝ የገለጹበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ስላልረሱን ከልብ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ጥቃቅን ጉዳዮችን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ወር ሙሉ አንድም ተማሪ ያልቀረበት ክፍል ፒዛ እንዲጋበዝ፣ ግብዣውን ያስቀረ ልጅ ስም ደግሞ በመተላለፊያው «መቶ በመቶ ተገኝተናል» ሰሌዳ ላይ በቀይ እንዲጻፍ ማዘዝዎ የሚደነቅ ብልሃት ነው። ዳፍኒ በወሩ የመጨረሻ ቀን በትኩሳት ስትቃጠልና ስታስመልስ ዋለች። በማግስቱ ስሟ ብቻውን፣ መነጽር የሌለው ሰው እንኳ ከሩቅ በሚያነበው ፊደል ተጽፎ ነበር።

፪. ሰኞ ዕለት አራት የክፍሏ ልጆች በስፖርት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ጠበቋት። ፀጉሯን ይዘው ፊቷን ከብረት ቁም ሣጥን ጋር ሦስት ጊዜ አላተሙት፤ ስትወድቅም አፏን በጫማ እየረገጡ፣ «ፒዛችንን አስቀረሽብን አይደል? በይ እንግዲህ ጥርስሽን ብይ!» አሏት። መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሁለት ጥርሶቿን የጽዳት ሠራተኛው አቶ ኦቲስ ከወለሉ ለቅመው፣ በወረቀት ጠቅልለው፣ እያለቀሱ ሰጡኝ። ልጆቹ ለዘመቻዎ ያላቸውን ታማኝነት ሳላደንቅ አላልፍም።

፫. አምቡላንስ ልጄን ይዞ ሲወጣ ደሟ ገና ከወለሉ አልተጠረገም ነበር፤ መዝገብዎ ግን «ከሰዓት በኋላ ያለፈቃድ የቀረች» ብሎ ጨርሶ ነበር። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና የትም አላየሁም። ጸሐፊዎም «ወይዘሮ ሎሬታ፣ እኔ ምን ላድርግልሽ? የሐኪም ወረቀት በሦስት ቀን ካልገባ ኮምፒዩተሩ እሺ አይልም» አለችኝ። ሦስቱን ቀን ከልጄ አፍ ደም ስጠርግ ስለነበር ለመዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፬. ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ፣ አራቱ ልጆች ለምን እንዳልታገዱ ልጠይቅዎ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። «እነሱን ካገድናቸው እኮ አራት ቀሪ ይመዘገብብናል» አሉኝ። ልደብቅዎት አልፈልግም፤ በዚያች ደቂቃ ከረባትዎን ይዤ ግንባርዎን ከጠረጴዛዎ ጋር ላላትም እጄ ተነሥቶ ነበር። ያዳንዎት ትዕግሥቴ አይደለም፤ ልጄ መኪና ውስጥ ብቻዋን ስለነበረች ነው። ስወጣም ስሟ ከሰሌዳው እንዳልጠፋ አየሁ፤ በዚህ ወርም ግብዣውን ያስቀረችው እሷ መሆኗ ተጽፎ ነበር።

ስለዚህ በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት በደስታ እቀርባለሁ። የመንጋጋዋን ራጅም ሁለቱን ጥርሶችም ይዤ እመጣለሁ። ልጄን ግን እነዚያ አራት ልጆች ወደተቀመጡበት ክፍል አልልክም፤ ከፈለጉ እኔን ይሰሩኝ።

ዳፍኒ አፏን ከፍታ ራሷ እስክታመሰግንዎ ድረስ በስሟ ጭምር እጅ የምነሣዎ፣
አክባሪዎ ሎሬታ ቫንዳይክ

ማስታወሻ፦ የዳፍኒ መንጋጋ በሽቦ ስለታሰረ መናገር አትችልም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ መጥታ፣ «እማዬ፣ ነገ ልሂድ። ከቀረሁ ይገድሉኛል» የሚል ወረቀት ሰጠችኝ። እንኳን ደስ አለዎት ክቡር ሆይ፤ ልጄ መቅረት ፈርታለች።