ጥቃቅን ማስተካከያ

ውድ እትዬ፣

ትናንት ስልኩ ጆሮሽ ላይ የተዘጋው መስመር ተቋርጦ አይደለም። ሆን ብዬ ዘግቼብሽ ነው። «እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው» ስትዪኝ ደሜ ፈላ፤ ትንሽ ብቆይ የማይባል ነገር ይወጣኝ ነበር። በወረቀት ይሻላል፤ ቢያንስ አታቋርጪኝም።

ባለፈው ሰኞ ስልሳ ሁለት አዛውንት በሰው እየተመሩ መጥተው የዓይን ክሊኒኩ በር ላይ ተኮልኩለው ዋሉ። ሐኪሟ አልነበረችም። ቀጠሮው ወደ ሐሙስ ተዛውሯል፤ ለክሊኒኩ የሠራነው የቀጠሮ ፕሮግራም ግን የድሮውን ቀን በስልካቸው ላከላቸው። መልእክት የሚልከውን የፕሮግራሙን ክፍል አንቺ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቅሽ በኋላ እንደ አዲስ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በስብሰባው ላይ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ሦስት ዓመት ኮድ ስጽፍ አንድም ቀን ተበላሽቶብኝ አያውቅም!» አለቃችን ወዲያው ማን መቼ የትኛውን የኮድ መስመር እንደቀየረ የሚያሳየውን መዝገብ ከፍቶ ግድግዳው ላይ አበራው። አመሻሽ ላይ የእኔ ስም። በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ እኔ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ያንቺ ስም። እንደገና የእኔ፣ እንደገና ያንቺ። ካንቺ ስም አጠገብ ሁልጊዜ ያችው ማስታወሻ አለች፤ «ጥቃቅን ማስተካከያ»። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ፣ እትዬ! ቆጥሬዋለሁ።

ከነዚያ ጥቃቅኖች አንዱ ይኸው የሰኞው ስህተት ነው። ከሁለት ዓመት በፊትም ቀጠሮ ሲዛወር የድሮውን መልእክት መሰረዝ ረስቼ ነበር። አንቺ በጠዋት ገብተሽ፣ አራት መስመር ጨምረሽ፣ ሻይሽን ጠጥተሽ፣ እኔ ስመጣ «እንዴት አደርሽ» አልሽኝ። ያን ቀን «ነይ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሻል» ብትዪኝ ኖሮ እነዚያ ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ አይውሉም ነበር።

የማንም ሥራ ሌላ ሰው ሳያነበው ወደ ፕሮግራሙ እንዳይገባ ደንብ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ለሌላው ሁሉ ገጽ ሙሉ አስተያየት ትጽፊ ነበር፤ አንዳንዱማ አንብቦ ያኮርፍሽ ነበር። የእኔን ግን «እኔ አየዋለሁ» ብለሽ ትወስጂና ከሥሩ አንዲት ቃል ታስቀምጪያለሽ፤ «ጎበዝ»። ያቺን ቃል ፎቶ እያነሳሁ ለእማዬ እልክላት ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የእኔ ጥፋት የለም አልልም። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከፍቼ አላየሁትም። ሙገሳ ሲጥምሽ ማን ይመረምራል? ግን በልጅነታችንም የሒሳብ ደብተሬን ሰርቀሽ መልሱን በላጲስ እያጠፋሽ ታስተካክዪልኝ ነበር። ፈተና ላይ ስወድቅ መምህሯ ግራ ይገባታል፣ አንቺ ደግሞ ታለቅሺልኛለሽ። ፍቅርሽን አልጠራጠርም። ያናደደኝም እሱ ነው፤ ብትጠዪኝ ኖሮ ጥሩ ፕሮግራመር ይወጣኝ ነበር።

አለቃችን እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶኛል። የመልእክቱን ክፍል ራሴ አስተካክዬ ካላመጣሁ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ እዚያ መሥሪያ ቤት ምን እንደምሠራ አላውቅም።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ ምን ሆነ መሰለሽ። አንቺ በለቀቅሽው ወንበር የተቀመጡት የቀድሞ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ በሃምሳ ዓመታቸው ኮድ መጻፍ የጀመሩ። ሥራቸው ውስጥ ስህተት አየሁና ሳላስበው አስተካክዬ «ጥቃቅን ማስ» ድረስ ጻፍኩ። ሁሉንም መልሼ አጠፋሁና ጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። አጎንብሰው አነበቡት። «ሃያ ስድስት ዓመት ቀይ እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አሉኝ፤ «እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።» በማግስቱ ወንበራቸውን ስበው ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጡ። «ሌላስ የት ጋ ነው?» አሉኝ።

እንግዲህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሥራ አንድ ገጽ አያይዣለሁ። እንደገና የጻፍኩት የመልእክቱ ክፍል ነው። በወረቀት ያተምኩት በጠዋት ተነስተሽ እንዳትቀይሪብኝ ነው። ቀይ እስክሪብቶም ፖስታው ውስጥ አለልሽ። የተሳሳትኩበትን አንድ በአንድ አክብቢልኝ፣ መልሱን ግን እንዳትነግሪኝ።

«ጎበዝ» ብለሽ ከመለስሽልኝ ሳላነብ እቀደዋለሁ።

የተናደደችው ታናሽሽ