አንድ ሰርቨር ለአምስት ጽሕፈት ቤት

ሰኞ፣ ሰኔ 16 ቀን 2006

ዛሬም ወደቀ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሐሰን የእትዬ ዘሃራን ስም ጽፎ ሳይጨርስ የመሬቱ ፕሮግራም ተዘጋበት። ሐሰን የይዞታ መዝጋቢያችን ነው። እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ የሚያናድደኝም ማወቄ ነው። በግቢያችን አምስት ጽሕፈት ቤቶች አሉ፦ ገንዘብ፣ መሬት፣ ውሃ፣ የሰው ኃይል፣ ባህልና ስፖርት። እኔ የምጠብቀው ሰርቨር ግን አንድ ነው፤ የሁሉም ፕሮግራም እዚያው ላይ ተጨናንቆ ይሠራል። አሁን ሰኔ ስለሆነ ገንዘቦች ዓመቱን እየዘጉ ነው። የመዝጊያ ሪፖርታቸውን ሲያስነሱት ሜሞሪውን ጠራርጎ ይበላዋል። ማሽኑ ሲጨንቀው ራሱን ለማዳን አንዱን ፕሮግራም ይገድላል። የገንዘቡ ሪፖርት ተበጣጥሶ በብዙ ትናንሽ ቁራጭ ስለሚሠራ ለማሽኑ ትልቅ ሆኖ የሚታየው የመሬቱ ነው። ስለዚህ በላተኛው ሌላ፣ ሟቹ ሌላ። የገንዘቦቹም ሪፖርት ቢሆን እየተንቀራፈፈ መሃል ላይ ይቋረጣል።

እትዬ ዘሃራ ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆናቸው። የባላቸው ወንድም የመስኖው መሬት የእኔ ነው ብሎ ከሷቸዋል። ቀጠሮው ዓርብ በሦስት ሰዓት ነው። ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ከመዝገብ የወጣ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ያን ካላቀረቡ ያለ እሱ ይወሰናል ተብለዋል። ሮመዳን ሳይገባ ቢገላግሉኝ ይላሉ። ከመንደራቸው እስከ አስፋልቱ በእግር፣ ከዚያ በባጃጅ፤ ዛሬ ሦስተኛ መምጣታቸው ነው። እኔም ነገ ይመለሱ አልኳቸው።

ሐሙስ ለኃላፊዎቹ የመጪውን ዓመት የሰርቨር ዕቅድ አቀርባለሁ። እስካሁን አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ሙቀቱ አይጣል ነው። ደብረ ሲና ላደገ ሰው ሮቢት በሰኔ ቅጣት ነው። ጣርማ በር ላይ ሰው ጋቢ ደርቦ ይሄዳል፤ እኔ እዚህ ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ማራገቢያ እሻማለሁ። በመጨረሻ ለእሱ አዞርኩለት።

እትዬ ዘሃራ መጥተው ተመለሱ። ሁለቴ ሞከርን፣ ሁለቴ ወደቀ።

ዕቅዱን ጀመርኩት። በመጪው ዓመት መሠራት ያለበት፦
— እያንዳንዱን ፕሮግራም ለብቻው ማጠር። ኮንቴነር ይሉታል። ሌላ ማሽን አይገዛም፤ በአንዱ ማሽን ውስጥ፣ በዚያው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ፣ አንዱ የሌላውን ሜሞሪ እንዳይነካ አጥር ማድረግ ነው።
— ፕሮሰሰሩንም በተራ ማድረግ።
— የዲስክ ቦታ ገደብ። የሰው ኃይሎች የሠራተኛውን ፎቶ ሲጭኑ ሁላችንም እንቆማለን።
— አንዱ አጥር ሲበላሽ ሌላውን ሳይነኩ ማንሳት። ይሄ እንኳ ለሁለተኛው ዓመት ይቆይ።

ከባዱ ለማን ስንት የሚለው ነው። ሐሰን እኩል አድርጊው፣ አለዚያ ቅሬታ ሰሚ ድረስ ይወስዱሻል አለኝ። እውነቱን ነው። በዚህ ግቢ ወንበር እንኳ ተቆጥሮ ነው የሚታደለው። አምና ለባህልና ስፖርት አንድ ፕሪንተር ጎደለ ተብሎ ሦስት ስብሰባ ተቀምጠናል። ስለዚህ እኩል። ዐሥራ ስድስት ጊጋ ሜሞሪ አለን፤ አንዱ ለማሽኑ ለራሱ፣ ለአምስቱ ሦስት ሦስት። ማንም አፉን አይከፍትም።

ማታ ከመውጣቴ በፊት በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት። በአንዱ አጥር ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ሆን ብዬ ሜሞሪውን አስጨረስኩት፤ ጎረቤቱ ንቅንቅ አላለም። ብቻዬን ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ምነው ባልነካው ኖሮ።

ጠዋት እትዬ ዘሃራ ሲመጡ የመሬቱ እንደ ልማዱ ሞቶ ነበር። የመስኖ ተራቸው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አልጠበቁም፣ ሄዱ። እኔ ሐሙስን መጠበቅ አቃተኝ፤ በምሳ ሰዓት አምስቱንም አጠርኳቸው። ስምንት ሰዓት ላይ የገንዘቡ ሪፖርት ሲነሳ የመሬቱ ፕሮግራም አልወደቀም። ሐሰን የሦስት ሰው ወረቀት አተመ። የእትዬ ዘሃራን ግን ማተም አይችልም፤ ባለይዞታው የይዞታ ደብተሩን ይዞ በአካል ካልቀረበ አይሆንም። እሳቸው በዚያ ሰዓት ሽንኩርታቸውን እያጠጡ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረጀ በሩን በርግዶ ገባ። ደረጀ የገንዘብ ኃላፊው ነው። ፊት ለፊት አቶ እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አላከብረውም። ሪፖርቱ ሦስት ጊጋዋን ጨርሶ ቀጥ ብሏል። የአንድ ዓመት ሒሳብ አስቆምሽ ብሎ ጮኸብኝ። የሰው ኃይልን አየሁ፣ ግማሽ ጊጋ እንኳ አልነካም። ባህልና ስፖርት ምንም። አምስት ጊጋ የሚያህል ሜሞሪ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ ደረጀ አጠገቡ ታፍኗል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅሬታ ፈርቼ አካፈልኩ እንጂ ማን ስንት እንደሚፈልግ አላየሁም።

የሁላችን የበላይ ለሆኑት አስተዳዳሪ ደወለ። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ አፍርሺው የሚል ትእዛዝ መጣ። አፈረስኩት። የመሬቱ ፕሮግራም ከሩብ ሰዓት በኋላ ሞተ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

እትዬ ዘሃራ ከማለዳ ጀምሮ አግዳሚው ላይ ናቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ምን ልበላቸው? ፕሮግራሙ በምን እንደሚሞት ጠየቁኝ። እንደምንም አስረዳኋቸው፤ ትናንት እኩል አካፍዬ እንደተበላሸብኝም ነገርኳቸው።

«እኩል ማለትን ከየት አመጣሽው ልጄ? የኛ የውሃ አባት ተራ ይሰጣል እንጂ ውሃውን አይቆርሰውም። ተራዬ ደርሶ ማሳዬ ካልጠማው ውሃው ከታች ላለው ይወርዳል። ስፈልገው ግን፣ ወላሂ፣ ማንም ይሁን ማን ተራዬን አይነካኝም» አሉኝ።

ተነስቼ ዕቅዱን ከላይ እስከ ታች ቀየርኩት። ለእያንዳንዱ ማንም የማይነካበት ትንሽ መነሻ ይኖረዋል። ከዚያ በላይ ያለው የጋራ ነው፤ የፈለገ ይጠቀምበታል። ባለቤቱ መነሻውን ሲፈልግ ወዲያው ይለቀቅለታል። ይሄን ማድረግ እንደሚቻል ድሮም አንብቤ ነበር። ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ዛሬ ነው፣ እሱም ከእሳቸው።

ከሰዓት ስብሰባ። መጀመሪያ የአንድ ለአምስት ሪፖርት፣ ከዚያ የአረንጓዴ ልማት፣ ከዚያ እኔ፤ ያኔ ግማሹ እያዛጋ ነው። የባህልና ስፖርት ኃላፊ የእኛ ድርሻ ለምን ለሌላ ይሄዳል አሉ። ባትጠቀሙበትም? አልኩ። ባንጠቀምበትም አሉ። ደረጀ ደግሞ ሰኔ ሠላሳ እስኪያልፍ ሰርቨሩ እንዳይነካ ይወሰን አለ። የእትዬ ዘሃራን ቀጠሮ አነሳሁ። አስተዳዳሪው በግለሰብ ጉዳይ ዕቅድ አይታቀድም አሉኝ። ውሳኔ፦ ሰርቨሩ አይነካ፤ ዕቅዱን ኮሚቴ ያጥናው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደረጀ።

ቃለ ጉባኤው ላይ እኔም ፈረምኩ። እራት አልበላሁም።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ነካሁት።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዘበኛው በቀር ማንም ሳይኖር ገባሁ። ለመሬት ሁለት ጊጋ መነሻ፣ ለገንዘብ ከሁሉም የበዛ፣ ለሌሎቹ ትንሽ ትንሽ፣ የቀረው የጋራ። ሐሰንን ብቻ ነገርኩት። አንቺ ከታሰርሽ እኔም ምስክር ሆኜ እመጣለሁ ብሎ ቀለደ፤ ፊቱ ግን አልሳቀም።

ሁለት ሰዓት ላይ ገንዘቦች ሪፖርቱን አስነሱ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ እትዬ ዘሃራ ደብተራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ለሐሰን ሰጡት። ስም፣ ቀበሌ፣ ስፋት። ማሽኑን አየሁ። ገንዘብ የጋራውን ሁሉ ወስዶ የመሬት መነሻ ላይ ሲደርስ መውሰዱን አቆመ። ወረቀቱ ወጣ። ማኅተም ተመታ። እትዬ ዘሃራ አልሐምዱሊላህ ብለው ሐሰንን መረቁት፣ እኔንም መረቁኝ፣ ባጃጅ ውስጥ ገብተው ሄዱ። ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር።

የገንዘቡም ሪፖርት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቋረጥ እስከ ምሳ አለቀ። ደረጀ በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «አየሽ? ካልነካሽው ይሠራል» አለኝ።

ዋጥኩት። እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ሐሰን በጠዋት ደወለ። ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን ተቀብሏል፤ ነገር ግን የአዋሳኞቹ ዝርዝር ያለበት ሁለተኛው ገጽም ይቅረብ ብሎ ለሰኞ አራት ሰዓት ቀጥሯል። እትዬ ዘሃራ በሰው ስልክ ነግረውታል።

ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ክው አልኩ። ዓርብ አጥሩን ያቆምኩት በእጄ ነው፤ ፋይል ላይ እንዳይገኝብኝ ብዬ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ አልጻፍኩትም። ሮጬ ሄድኩ። ማሽኑ ተነስቷል፣ አጥሩ የለም። ደረጀም አለ፤ በሰኔ ለገንዘብ ቅዳሜ የለውም። እስከ ሠላሳ ድረስ በየቀኑ አስነሳዋለሁ እያለ ሪፖርቱን እያስጀመረ ነበር።

እንደገና ተደብቄ መሥራት እችል ነበር። አስጠላኝ። ደግሞ ሰኞ ጠዋት መብራት ቢጠፋስ? ገብቼ ነገርኩት፤ ዓርብ የሠራው ነክቼው ነው፣ ሰኞ የመሬቱ ካልሠራ አንዲት ሴት መሬታቸውን ይነጠቃሉ አልኩት። ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«የትናንቱ ሪፖርት ያለቀው አጥሩ እያለ ነው?»

«አዎ፣ አቶ ደረጀ።»

«ታዲያ ምን ያቆምሻል? መልሺዋ።»

ቃለ ጉባኤውስ አልኩት። እኔ አላየሁሽም ብሎ ወደ ወረቀቱ ዞረ።

መለስኩት። አሁን መብራት ጠፍቶ ቢመጣም አብሮ እንዲነሳ አድርጌ ጻፍኩት፤ ስሜም ቀኑም ፋይሉ ላይ አለ። በጽሑፍ ይስጡኝ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ተውኩት። ሰኞ አንድ ነገር ቢበላሽ እሱ አላየም፤ የነካሁት እኔ ነኝ።

ለሐሰን ደወልኩ። እትዬ ዘሃራ ሰኞ በሁለት ሰዓት ይምጡ አልኩት። እርግጠኛ ነሽ? አለኝ። ይምጡ አልኩት።