በክቡ ያልገባችው ጳጉሜ

ቀበና፣ ነሐሴ 26 ቀን

ውድ ማዕዶት፣

በወረቀት የጻፍኩልሽ ስልክ ቸግሮኝ አይደለም። ስክሪን ላይ ከጻፍኩ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ፊደሉን ሳሳምር፣ መስመሩን ሳስተካክል፣ ዋናውን ነገር ወደ ጎን ገፍቼ አንድ ቆንጆ ነገር እልክልሻለሁ። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። አባትሽ ከሞቱ ጀምሮ የተሸከምሽው ጥፋት የአንቺ አይደለም፤ የእኔ ነው። ይህንንም ዓመት ሙሉ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን ብትቦጫጭቂው መብትሽ ነው፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የልብ ክሊኒኩን ድረ ገጽ ስንጀምር ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሕመምተኛው ከንጋት ጀምሮ ከመሰለፍ በስልኩ ገብቶ ቀጠሮ እንዲይዝ። መልኩን መሥራት የእኔ፣ ሰው ሊጠቀምበት መቻሉን መፈተን የአንቺ ድርሻ። እኔ ሠርቼ ስጨርስ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል ራቅ ብዬ አየዋለሁ። አንቺ ደግሞ ስልኩን ትነጥቂኝና ሾላ ገበያ ይዘሽው ትወርጃለሽ። አንድ ቀን ተከትዬሽ መጣሁ። በርበሬ ለምትሸጠው ወርቄ ስልኩን ሰጠሻትና «እስቲ ለእናትሽ ቀጠሮ ያዢላት» አልሻት።

ወርቄ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ተቀበለችሽ።

«እንዴት ያምራል በእመቤቴ! ግን የቱን ነው የምነካው?»

«እሱን እኮ ነው አንቺ እንድትነግሪኝ የምፈልገው።»

«ይሄ ጽሑፍ ደግሞ ምነው እንዲህ ገረጣ? እሱም ታሟል እንዴ?»

ከት ብለሽ ሳቅሽ። እኔ አኮረፍኩ፤ ያ ግራጫ ቀለም ሦስት ቀን ሙሉ የመረጥኩት ነበር። በታክሲ ስንመለስ «ክሊን ዲዛይን፣ ያልተጨናነቀ መልክ የሚባለው ይሄ ነው፤ በርበሬ ሻጭ ምን ታውቃለች?» አልኩሽ። ወደ መስኮቱ ዞረሽ «ልቧን የሚያማት የዲዛይነር እናት ሳትሆን የወርቄ እናት ናት፤ ቆንጆ ቤት ሠርተህ በሩን ከደበቅክባት ምን ይሠራላታል?» አልሽኝ። እስክንወርድ ድረስ ስልኬን ስነካካ ቆየሁ።

ከሁሉም የምወደው ክቡን ነበር። የቀጠሮ ወር የሚመረጥበት ክብ፤ አሥራ ሁለቱ ወሮች እንደ ሰዓት ፊት ዙሪያውን ተደርድረው፣ ጣት ሲነካቸው ቀስ ብለው የሚዞሩ። መስከረም ከአናቱ፣ መጋቢት ከግርጌው። ጳጉሜን መጀመሪያ ላይ ሞክሬያት ነበር፤ አሥራ ሦስተኛ ሆና ስትገባ ሁሉም ነገር ይዛነፋል። ደመወዝ እንኳ የማይከፈልባት አምስት ቀን ናት ብዬ ተውኳት።

አንቺ የመጨረሻውን ፍተሻ ልታደርጊ ስትይ ታይፎይድ ጣለሽ። አስታውሳለሁ፣ ግንቦት ነበር። ከአልጋሽ ሆነሽ ደወልሽና መስተካከል ያለበትን አንድ በአንድ ትነግሪኝ ጀመር፤ እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ትንፋሽሽ ይቆራረጥ ነበር። ፊደሉ ይጥቆር። የሚጫኑት ቁልፍ ይተልቅ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው የሞላው አብሮ አይጥፋበት። ከዚያ «ጳጉሜ የለችም። ጻፍ» አልሽ።

«ጽፌዋለሁ» አልኩሽ።

አልጻፍኩም። ከጻፍኩት አለቃችን ስምዖን ያየውና ክቡን አፍርስ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። እስከ ጳጉሜ ሦስት ወር አለ፣ እስከዚያ አንድ መላ አላጣላትም አልኩ። ሌሎቹን አሥራ ሰባቱን በሙሉ አስተካከልኩልሽ፤ ድረ ገጹ ተከፈተ፤ ኬክ ቆረስን፤ ጳጉሜን ረሳኋት። አንቺ ድነሽ ስትመለሺ ስምዖን ወደ ሌላ ሥራ አዙሮሽ ነበርና ክቡን መለስ ብለሽ አላየሽውም። ጽፌዋለሁ ስላልኩሽ አምነሽኛል።

ሰኔ ላይ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ወዳለው የወላጆችሽ ቤት ይዘሽኝ የወጣሽ እሑድ፣ አንቺ ከእናትሽ ጋር ጓዳ ሳለሽ አባትሽ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ስልካቸውን አወጡ። ክንዳቸውን ዘርግተው አርቀው ይዘው ክቡን አንዴ፣ ሁለቴ አዞሩት።

«ይሄ ያንተ የእጅ ሥራ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እጅህ ይባረክ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሳስተምር እንዲህ የጠራ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላውቅም።»

ያን ዕለት ቁልቁል ስንወርድ ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ልልክባቸው ቆርጬ ነበር። አልነገርኩሽም። አሁን መናገሩ ፋይዳ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ግን እወድሽ ነበር፣ ይህም ሳይነገር የቀረ ነው።

ነሐሴ ላይ ክሊኒኩ ውስጥ ልባቸውን የምታክማቸው ሐኪም «ጳጉሜ ሁለት ይመለሱ፣ መድኃኒቱን እንቀይረዋለን» አለቻቸው። እሳቸውም ቤት ገብተው ክቡን አዞሩት። ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም። እንደገና አዞሩት። እናትሽ እትዬ ለተሥላሴ አጠገባቸው ነበሩ፤ ያሉትንም በኋላ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «እንዲህ ተጨንቀው ያሳመሩት ሰዎች ጳጉሜን ይረሳሉ? በጳጉሜ ዝግ ቢሆኑ ነው እንጂ» አሉ አባትሽ። ለማዕዶት ደውልላት ቢባሉ «ልጄን ሥራ አላስፈታትም» ብለው መስከረም ሦስትን ያዙ።

ይህ ቃል ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ገጹ የተጨማለቀ ቢሆን ኖሮ ይጠራጠሩት ነበር። ክሊኒኩ ድረስ ወርደው ይጠይቁ ነበር፤ ከዘበኛውም ጋር ይከራከሩ ነበር። ስላማረ አመኑት። ያመነ ሰው ደግሞ ሲጠፋበት ራሱን ነው የሚጠራጠረው።

ጳጉሜ አራት ጠዋት ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። በማግስቱ፣ ሰው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ሲሰናዳ፣ እኛ ቀበርናቸው። ጳጉሜ ሁለት ቢሄዱ ኖሮ ይተርፉ እንደሆነ ሐኪሟን ሄጄ ጠይቄያታለሁ። «እሱን ማንም ሊነግርህ አይችልም» አለችኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ፣ የእሳቸውን ስልክ እንደያዝሽ መጣሽ። ክቡን አይተሽው ነበር። «ሀብቶም፣ ነግሬህ ነበር? ወይስ በትኩሳቱ አስቤው ብቻ ነው የቀረሁት? እውነቱን ንገረኝ» አልሽኝ።

ዓይንሽን እያየሁ «እኔ እንጃ ማዕዶት… አልሰማሁም መሰለኝ» አልኩሽ።

እዚያው ቁጭ ብለሽ፣ በስልክ ስትነግሪኝ የጻፍኩትን ዝርዝር ከፈትሽ። አሥራ ሰባት ነጥብ። ጳጉሜ የለችም። «እኔ ነኝ የረሳሁት» አልሽ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ። አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ፈሪ ነኝ፤ አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ሥራሽን ለቀቅሽ፤ ደብረ ብርሃን ሄደሽ ኮምፒውተር ማስተማር ጀመርሽ፤ ስደውል ማንሳት ተውሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔዋ ግን በራሷ አልጠራችም።

መስከረም ሁለት ቢሮ ገብቼ ጳጉሜን ጨመርኳት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ክቡ ትንሽ ተዛነፈ። ከዚያ ወዲህ ተዛንፏል ያለኝ አንድም ሰው የለም።

ባለፈው እሑድ እንጦጦ ወጥቼ ለእናትሽ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምስር እየለቀሙ ነበር። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል «ተነስ፤ ምስሩን ትደፋብኛለህ» አሉኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ባሌን የወሰደው እግዜር ነው፤ እሱን አንተ ላይ አልጭንም። ልጄን ግን ዓመት ሙሉ ከቤቴ ያስቀረሃት አንተ ነህ። ለሙት ዓመቱም አልመጣም ብላኛለች፤ የአባዬን መቃብር በምን ዓይኔ አየዋለሁ እያለች። ሂድና ንገራት። እኔ አልነግርልህም።»

በማግስቱ ለስምዖንና ለቢሮው ሰዎች በሙሉ ተናገርኩ። ከዚህ በኋላ እዚያ መሥራቴን አላውቅም፤ እሱ አያስጨንቅሽ።

ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አይደፍርም። የምለምንሽ ለሙት ዓመቱ እንድትመጪ ብቻ ነው። እኔ በዚያ ሳምንት እንጦጦን አልወጣም፤ መንገድ ላይ ይገጥመኛል ብለሽ እንዳትሰጊ።

አንድ የቀረኝ አለ። ከማንም በፊት አንቺ ልትሰሚው ስለሚገባ ለእናትሽም አልነገርኳቸው። ያን ቀን «ጳጉሜ የለችም። ጻፍ» ካልሽኝ በኋላ ስልኩን አልዘጋሽውም። ትንፋሽሽን ሰበሰብሽና «አባዬን ጳጉሜ ላይ ና ቢሉት እኮ ግራ ይገባዋል። ደውሎም አይጠይቀኝም፤ አውቀዋለሁ» አልሽ። እኔ ሳቅሁ። አንቺ ራስሽን ቀና ማድረግ አቅቶሽ በተኛሽበት ሰዓት የምታስቢው ስለ እሳቸው ነበር። ሰምቼሻለሁ፤ እያንዳንዱን ቃል ሰምቼዋለሁ።

አባትሽን አልረሳሽም።

ሀብቶም