በሙት ዓመትህ የተያዘው ገዳይ

ይድረስ ለባለቤቴ ለአስናቀ፣

ደብዳቤ በወጉ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ነህ» ይባላል። አንተና ጤናህ ከተለያያችሁ ዓመት ስላለፈ ዘልዬዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ፣ ጥይቱ እስካሁን ስቶኛል።

አስቀድሜ የሰፈሩን ልንገርህ። የወደቅህበትን የሱቅ ግድግዳ ባለቤቱ ቀለም ቀብቶታል፤ ቀዳዳው ግን እንዳለ ነው። ኮሌጅ ያለውን ወንበርህን ደግሞ እኔ ወርሼዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ የጀመርከውን የፊልም ታሪክና ትንተና እማራለሁ። አሁን ፊልም ድምፅ ያልነበረው ዘመን ላይ ደርሰናል። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ፣ አይሰማም፤ ከዚያ ይወድቃሉ። ክፍሉ ይስቃል። ዳቦ ልትገዛ ወጥተህ ተኩሱ መንገድ ላይ ሲያገኝህ አንተም እንዲያ ነበርህ አሉኝ፤ አፍህን ከፍተህ፣ ምንም ሳትል። የወደቀውን ያላየ የሰፈር ሰው የለም። የተኮሰውን ያየ ግን አንድም አልተገኘም።

ወደ ጉዱ ልግባ። በሙት ዓመትህ፣ ዝክሩ ተበልቶ ዘመድ ገና ሳይበተን፣ የክፍል ጓደኞችህ «መታሰቢያ ይሁነው» ብለው ለልምምድ የሠራችሁትን አጭር ፊልም ቴሌቪዥናችን ላይ ከፈቱት። ከእነሱ አንዱ፣ ያ ሙሉቀን፣ ሽፍታ ሆኖ የሚተኩስብህን፣ አንተም ደረትህን ይዘህ የምትወድቅበትን። ሟችን በገዛ ሙት ዓመቱ ደግሞ መግደል! እንዲህ ያለው ዝግጅት ካልተማሩ አይመጣም። እናትህ ጮኸች። ሙሉቀን ደግሞ የራሱን ትወና በአድናቆት እያየ ይጎርሳል።

ከድብ ባሕር የመጣው አጎትህ አያ ፈንታ ተነሣ። ሙሉቀንን አንገቱን ጨምድዶ ከግድግዳው አላተመው። የልጁ ከንፈር ተሰነጠቀ፤ ደሙ በነጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ወንበሩ ተገለበጠ፣ ብርጭቆው ረገፈ፣ ድፎ ዳቦው የተቆረሰበት ቢላዋ ጉሮሮው ላይ ተጋደመ።

«አያ፣ ጨዋታ እኮ ነው!» አልኩት።

«ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለሽ?» አለኝ፣ ዓይኑን ከልጁ ሳይነቅል። «ዓመት ሙሉ የልጄን ገዳይ ፈልጌ አጣሁ። ይኸ ቢያንስ ፊት አለው።»

ጎረምሶች ክንዱ ላይ ተንጠለጠሉ፤ ንቅንቅ አላለም። ቢላዋው ቆዳውን ጫር አድርጎታል፤ ትንሽ ቢጫነው ሙሉቀን አንተን ተከትሎ መጣ። እኔ ያለኝ መሣሪያ ትምህርቴ ብቻ። ፊልሙን ወደ ኋላ መልሼ አቆምኩና እንደ መምህር ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እየው አያ። ይኸ ሲተኩስ ኮሶዬ ተራራ ላይ ነው፤ ጉሙን ተመልከት። አስናቀ ሲወድቅ ግን ወለቃ መንደር ነው፤ ከኋላው የሸክላ መሸጫው ይታያል። ቀኑም ለየቅል ነው። አስናቀ በወደቀበት ቀን ይኸ ልጅ እዚያ አልነበረም።»

«በመካከሉስ ምን አለ?»

«ምንም። ቆርጠው ነው የቀጠሉት። የሚገድለው ተመልካቹ ነው፤ ሁለቱን በሐሳቡ ያገናኝና።»

ቢላዋው ቀስ ብሎ ወረደ።

«እንግዲያ የኛም እንዲሁ ነዋ» አለ አያ ፈንታ። «ወዳቂውን አሳዩን፣ ተኳሹን ቆርጠው አስቀሩት።»

አስናቀ፣ ምላሴ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ለቀባሪ እንኳ መልስ አላጣም ነበር። ያን ቀን አጣሁ።

ያዳነኝ ያው ገዳይህ ነው። ሙሉቀን ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከንፈሩን በነጠላ ጫፍ ይዞ፣ ስልኩን ከፈተ። ጓደኞቹ የላኩለት የወለቃው ቀረጻ፣ መምህራችሁ መጨረሻውን ሳያስቆርጠው፣ እሱ ጋ ነበር። ትወድቃለህ። ካሜራው አልቆመም። ቀና ትላለህ፣ ሱሪህን ታራግፋለህ፣ «ምነው ዝም አላችሁ? ሞቴ አላማረም?» ብለህ በሳቅ ትፈርሳለህ።

አያ ፈንታ ከልጁ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ሸጋ ልጅ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «የሚነሣባትን መልስልኝ» አለው። ሙሉቀን ደም በነካው ጣቱ መለሰለት። እንደገና መለሰለት።

እኔም ቃሌን ልስጥህ። የወደቅህበትን የሚያወራ ሞልቷል፤ ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ። እኔ የማስታውስህ መምህሩ አያስፈልግም ብሎ ካስቆረጠው ጀምሬ ነው፣ አቧራህን አራግፈህ ከተነሣህበት።

ሚስትህ