የአሳማው ጀርባ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽና ልጆችሽ ደህና ናቸው? የባሕሩ አየር ተስማማሽ ወይ? እኔ ከዚህች ሳል በቀር ደህና ነኝ። ጽሑፌ ከተንጋደደብሽ አውራ ጣቴ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው፤ እሳት ልሶት።

አሁንም እነዚያን የክብሪት ማስቀመጫዎች ትለቅሚያለሽ ወይ ብለሽ ስቀሽብኛል። እለቅማለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካ ደረቅ ሸክላ ስፍቅና አቧራውን ስውጥ ከርሜ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሎንግተን ገበያ ወርጄ ሌላ ሸክላ ተሸክሜ እገባለሁ። ዕብድ ነሽ በይኝ። በመነኩሴ መልክ የተሠራው አለኝ፣ የንብ ቀፎው አለኝ፣ በርሜሉም አለኝ፤ ሁሉም ክብሪት የሚሰካበት ቀዳዳና የሚጫርበት ሻካራ ጎን ያላቸው።

ከትናንት በስቲያ ግን ገበያው ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው ሽማግሌው ኢኖክ ጠረጴዛ ላይ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የአባባን አሳማ! ከቀብሩ በኋላ እማማ የሸጠችውን። አንቺ ሰብረሽው አባባ በሙጫ የለጠፈው ጆሮ ዛሬም እንደተጣመመ ነው። ልደሰት ልዘን አላወቅሁም፤ አንስቼ አቀፍኩት። ኢኖክ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጥቁር ጭረት በሳሙና እጠቢው፣ እንዲህ ሆኖ ሰብሳቢ አይነካውም ብሎ መከረኝ። እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ፣ የድስት ክዳን? አልኩት።

ጭረቱን መቼም አትረሺውም። እሁድ ከምሳ በኋላ አባባ አሳማው ጀርባ ላይ ክብሪት ይጭርና፣ ከፊቱ ስንዝር አርቆ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ እፍ ይላል። የፋብሪካ ሰዎች ሳንባቸውን የሚፈትኑት እንዲያ ነበር። እኛ ጨዋታ መስሎን እናጨበጭባለን፤ እማማ ፊቷን ታዞራለች። አንድ እሁድ ግን እፍ ቢለው አልጠፋ ብሎ እሳቱ ጣቱ ድረስ ሲወርድ፣ ዛሬስ ክብሪቱ ጠግቧል ብሎ አሳቀን። ጸደይ ሲገባ ቀበርነው።

አሳማውን አላጠብኩትም። ትናንት ከምሳ በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ አንድ ክብሪት ጫርኩበት። ስንዝር አራቅሁት። አፌን እንደ አባባ ከፍቼ እፍ አልኩ። ደግሜ እፍ አልኩ። ፈራሁ፣ እህቴ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን ለገና አድርጊው፤ ልጆቹንም አምጫቸው። መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ ያንቺ ነው። አሳማውን ግን አደራ፣ ጀርባውን እንዳታጥቢው። ስለ ጣቴ አትጨነቂ፤ ጣቴስ ይድናል።

እግዚአብሔር ለአንቺና ለልጆችሽ ረጅም ትንፋሽ ይስጣችሁ።

ትልቋ እህትሽ