የፖም ሥዕል ያለበት ጠርሙስ

ሉዴላ፣ ጥፋቱ የወንድሜ የዴልበርት ነው። ልጄ ክሊንት ከፋሲካ ወዲህ መጠጥ አልቀመሰም። ለሃሎዊን በዓል ከልጆቹ ጋር ከአንድ ጎድጓዳ ሳህን እየቀዳ እንዲጠጣ ብዬ፣ ፓንች የሚሉትን የጭማቂ ቅልቅል ያለ አልኮል ልሠራለት ኦሃዮ ድረስ መጣሁ። የፖም ጭማቂና የዝንጅብል ሶዳ ቀላቅዬ፣ ለማስፈራሪያ ጓንት ውስጥ ውሃ አርግቼ የሠራሁትን የበረዶ እጅ ሳንሳፍፍበት ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ዞር ብዬ ስመለስ ዴልበርት ጠርሙስ ይገለብጥበታል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የፖም ጭማቂ ነዋ እታለም! ፖሙ ተስሎ አይታይሽም?»

በስተርጅና ፊደል መቁጠሬን ረስቶታል። ነጥቄ አነበብኩት፤ የፖም ብራንዲ ይላል። አገራችን እኛ ሸለቆ ሰካራሙ እንኳ ጠርሙሱን አይደብቅም! ፓንቹን እንዳለ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ልጆቹ አለቀሱ።

«ለአንዲት ጠብታ ይህ ሁሉ?» ይላል ደግሞ።

ክሊንት የበረዶውን እጅ አለቅልቆ ውሃ ውስጥ ከተተው፤ ለልጆቹ ቀዳ፣ ራሱም ጠጣ። «እማዬ፣ ይኼም ይጣፍጣል» አለኝ።

ፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትሽን ሳሚልኝ፤ ዶሮዎቼን አደራ። ከእንግዲህ ዴልበርትን የሐኪም ወረቀት እንኳ አንብብልኝ አልለውም።

ቨርና