ቦት እና ቦቲ

ይድረስ ለባለቤቴ ለአስካለ፤

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና መጠየቅ ደንብ ነው። ላንቺ ግን ይህን መጻፍ ትርጉም ስለሌለው ትቼዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የግራ ጉልበቴ ብቻ አልታጠፍ ብሏል። ታውቂኛለሽ፣ ሐኪም ቤት አልሄድኩም።

የቤቱን ነገር ልንገርሽ። በሩ ላይ የነበረው ፓፓያ በነፋስ ወደቀ። በቦታው ሁለት ተክዬ አንዱ ወንዴ ሆነና ቆረጥኩት። ቀይዋ ላም ወልዳለች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ተቀይሯል። አዲሱ ሰው ሁሉንም «ጓድ» ይላል፣ እኔንም ጭምር። መጀመሪያ መልስ አልሰጠውም ነበር፣ አሁን ሰልችቶኝ አቤት እላለሁ። ጋዝና ስኳር እንደ ድሮው በሰልፍ ነው። ከመልካሳ በታች ያለው መሬታችን ዘንድሮም ሽንኩርት ይዟል። ውሃው ከአዋሽ በማኅበሩ ፓምፕ ይወጣል። ተራችን ማክሰኞና ዓርብ ነው፣ ተራውን የምትይዘውም ልጅሽ ትርፌ ናት። እኔን ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ አያቆመኝም።

መሬቱ ሲሰጠን ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ኮሚቴው በገመድ ለክቶ ካስረከበን በኋላ አንቺ በባዶ እግርሽ ዙሪያውን እየረገጥሽ ደግመሽ ለካሽው። በሰው ፊት ተቆጣሁሽ። አንቺ ግን ቆጥረሽ ጨርሰሽ «ሦስት እርምጃ ይጎድላል» አልሽ። ገመዱ እንደገና ሲዘረጋ ሦስት እርምጃ ጎደለ። ልክ ነሽ አላልኩሽም። የዛሬውም ደብዳቤ ስለ እግርና ስለ ልክ ነው።

ትርፌ በተራዋ ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ቦዩ ውስጥ ትቆማለች። በአካፋ አንዱን መስመር ትከፍታለች፣ ሌላውን ትዘጋለች። ውሃው እስከ ባቷ ይደርሳል። የምታደርገው የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነው። ኮንጎ ደግሞ በቀዳዳው ውሃውንም ጭቃውንም የግራሩንም እሾህ ያስገባል። ክረምቱ እንደወጣ ስታነክስ አየኋት። አውልቂና ልየው አልኳት፣ አላወልቅም አለች። እኔን ነው የወጣችው። በግድ አየሁት። በጣቶቿ መሃል ያለው ቆዳ ነጭ ሆኖ ተልጧል፣ ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። ያንን እግር አውቀዋለሁ። ከእራት በፊት ሞራ አቅልጠሽ ስንጥቁ ውስጥ ስታንጠባጥቢ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቁስሉን አጠበና ወይ ከውሃው ትውጣ፣ ወይ ውሃ የማያስገባ ቦት ታድርግ አለ። ከውሃው ከወጣች ተራችን ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ሽንኩርቱም ቆሞ ይደርቃል። ካልወጣች ደግሞ እግሯ ይሄዳል። ስለዚህ ቦት እገዛልሻለሁ አልኳት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «እናቴም ጠይቃዎት ነበር» አለችኝ።

ነገሩን አንቺም እኔም እናውቀዋለን፣ አሁን ግን በጽሑፍ ይቀመጥ። መሠረተ ትምህርት የገባሽበት ዓመት ነበር። እኔ አልገባም ብዬ ቀርቻለሁ። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ በራሴ ነውና፣ ጢሙን ያላበቀለ አስተማሪ ፊት አልቀመጥም አልኩ። አንቺ ገባሽ። አንድ ቀን ወደ ናዝሬት ልሄድ ስነሳ ከደብተርሽ የተገነጠለ ወረቀት ሰጠሽኝ። ቀኝ እግርሽን ወረቀቱ ላይ አቁመሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምረሽበታል። ከሥሩ በገዛ እጅሽ «ቀኝ እግሬ። ለቦይ የሚሆን ቦቲ።» ብለሽ ጽፈሻል። ለእኔ የጻፍሽው ብቸኛ ደብዳቤ ይኸው ነው።

እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። «ቦቲ» የሚለውን ሰረዝኩ፣ ከላዩ «ቦት» ብዬ ጻፍኩ፣ ወረቀቱንም መለስኩልሽ። ናዝሬት ሄጄ አካፋ ገዝቼ መጣሁ። አካፋው ዛሬም አለ፣ ጥሩ አካፋ ነው። ምክንያት አላጣሁም ነበር። እግር ሲለምድ ይጠነክራል አልኩ። እኔ ዕድሜዬን በበረባሶ ነው የኖርኩት አልኩ። ሴት የወንድ ቦት አድርጋ ስትሄድ የማኅበሩ ሰው ይስቃል አልኩ። አልተከራከርሽም። አካፋውን አገላብጠሽ አየሽ፣ «ጥሩ ነው» አልሽና ከብቶቹን ልታስገቢ ወጣሽ። ሁለተኛ አልጠየቅሽኝም።

የገደለሽ ወባ ነው። ድሬሰሩ ነግሮኛል፣ አምኜዋለሁም። ቦት ወባን አይከለክልም፣ ያላጠፋሁትን በራሴ ላይ አልጭንም። ያጠፋሁትን ግን አውቀዋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ አራት ዓመት በዚያ እግር ውሃ ውስጥ ቆመሻል።

ትርፌ ያንን ካለችኝ በኋላ ሳጥንሽን ከፈትኩ። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ ከነጠላሽ ሥር ነበር። የልጅቷን እግር ልለካ ብል አልሰጠችኝም። አብራኝ እንዳትሄድ ገበያው የዋለው በተራዋ ቀን ነው። ኮንጎዋን ወስጄ እንዳልለካ ከእግሯ አይወርድም። ቁጥሯንም አታውቅም፣ ኮንጎ በዓይን ተገምቶ ነው የሚገዛው። ነገር ግን አንቺ ካረፍሽ በኋላ ጫማሽን ያደረገችው እሷ ናት፣ ልክክ ብሏትም ነበር። ስለዚህ ያንቺን ወረቀት ኪሴ ከትቼ ናዝሬት ሄድኩ።

ገበያው መግቢያ ላይ አንድ ሰውዬ ከጆንያ ሥር ከስክስ አወጣልኝ። ቆዳው ደህና ነው፣ ለውሃ ሥራ ግን አይሆንም። ቆዳ ውሃ ይጠጣል፣ ሲደርቅ እንጨት ይሆናል። ደግሞም የወታደር ጫማ ይዞ ኬላ ላይ መገኘት ጥያቄ ያመጣል። አልፌው አካፋና ጣሳ የምትሸጥ ሴትዮ ሱቅ ገባሁ።

«አካም ጅርቱ፣ አባቴ? ምን ልስጥዎት?» አለችኝ።

ሁለት ዓይነት የላስቲክ ቦት ነበራት። አንዱ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ቀላልም ስለሆነ የገባው ሰው ሁሉ እሱን ያነሳል። እኔ አንገቱን ይዤ አጠፍኩት። እጥፋቱ ላይ ነጭ ስንጥቅ ታየ፣ ፀሐይ የበላው ላስቲክ ነው። ሁለተኛው አረንጓዴ ሆኖ አያምርም፣ ይከብዳልም። ሶሉ ግን ወፍራም ነው፣ ጥርሱም ጥልቅ ስለሆነ ጭቃ ላይ አያንሸራትትም። ከገላው ጋር አንድ ላይ የተሠራ እንጂ በማስቲሽ የተለጠፈ አይደለም። እጄን እስከ ጣቱ አስገብቼ ውስጡን ዳሰስኩ። ከዚያ ውሃ አምጪ አልኳት።

«አባቴ፣ የሚገዙት ጫማ ነው እንስራ?» ብላ ሳቀች።

ውሃ የሚወጣበት ጫማ ውሃ ይገባበታል አልኳት። በጣሳ አመጣችልኝ። ግራና ቀኙን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሞልቼ ደረቅ ካርቶን ላይ አቆምኳቸውና በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ከግራው ተረከዝ ሥር ካርቶኑ ረጠበ። ሌላ ጥንድ አምጪ አልኳት። «እኔ አልበሳሁት፣ አባቴ፣ እንዲሁ ነው የመጣው» እያለች አወረደችልኝ። የሁለተኛው ጥንድ ካርቶን ሌሎች ገበያተኞች ገብተው እስኪወጡ ድረስ ደረቅ ነበር።

ቁጥሩ ብቻ ቀረ። ወረቀትሽን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ቦቱን እርሳሱ መስመር ላይ አቆምኩት። ልክ ገጠመ። ልክ መግጠሙ ደግሞ አይበቃም። ላስቲክ እንደ ቆዳ እየዋለ አይሰፋም፣ እግር በሙቀት ያብጣል፣ ካልሲም አለ። ከመስመሩ አንድ አውራ ጣት የሚተርፈውን አስወረድኩ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። እሱንም በውሃ ሞላሁት። ሴትዮዋ አሁን መሳቅ ትታ ነበር።

ማፍሰስ አለማፍሰሱ እስኪጣራ ድረስ ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ አነበበችው። «ይሄን በቀይ ማነው የጻፈው? አስተማሪ ነዎት እንዴ?»

እኔ ነኝ፣ ቃሉ ቦት ነው አልኳት።

«እኛ እኮ ቦቲ ነው የምንለው።»

ቦት ነው አልኳት ደግሜ።

«እሺ አባቴ፣ ቦትም ይሁን። ወረቀቱ አርጅቷል፣ ለጻፉት ሰው ደረሰላቸው?»

ውሃውን ደጅ ደፋሁና ጠቅልይልኝ አልኳት።

መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። አልደረሰም። ይህን ለማላውቃት ሴትዮ ከመናገሬ በፊት ላንቺ መናገር ነበረብኝ። እስከ መልካሳ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ጥቅሉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሳስብ የመጣሁት ይህንን ነው።

ቤት ስገባ ቦቱን መደብ ላይ አስቀመጥኩ። ዓርብ ጠዋት ትርፌ አድርጋው ወደ ቦዩ ወረደች። እኔ ግራሩ ሥር ተቀምጬ አየኋት። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ትረግጥ ነበር፣ በኋላ መሃሉ ገባች። ቀትር ላይ መጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ቦቱን አውልቃ ዘቀዘቀችው። ምንም አልፈሰሰም። ካልሲዋንም አወለቀች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፍታ በእጇ ዳሰሰች። ደረቅ ነበሩ።

«ልኬን ከየት አገኙት?» አለችኝ።

ወረቀቱን ሰጠኋት። አይታው አታውቅም ነበር፣ ወሬውን ብቻ ነው ካንቺ የሰማችው። እርሳሱ መስመር ላይ እግሯን አቆመች። ከዚያ እግሯን አንስታ ጽሑፉን አነበበች፣ ቀዩንም አነበበች። በድሮው እጥፋት መልሳ አጠፈችውና ሰጠችኝ።

«ቦቲው ጥሩ ነው» አለች። አላረምኳትም።

ቀዩን በላጲስ ላጠፋው ሞክሬ ነበር። ወረቀቱ ሊቀደድ ሲል ተውኩት። እንዳለ ሳጥንሽ ውስጥ መልሼዋለሁ።

ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ ጫማውን የማጥበው እኔ ነኝ። ጭቃውን በጨርቅ አወርዳለሁ፣ በሁለት እንጨት ላይ ዘቅዝቄ ጥላ ውስጥ አቆመዋለሁ። ፀሐይ እንዲበላው አልፈቅድም። ማክሰኞና ዓርብ እጄ እዚህ ሥራ ላይ ሳለ ሌላ ሰው አላስብም፣ ያንቺን እግር ነው የማስበው። እጄ መሥራት እስኪያቆም ድረስ ይህ አይቀርም።

ይህ ደብዳቤ ለዚያ ለደብተር ወረቀትሽ መልስ ነው። ዘግይቷል። ከላይ ቦት ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ፣ አስካለ፣ ቦቲ ብለሽ አንብቢው።